ቀለህ ሞልቼ ያተረፍኩት

እናንተ የምትጠይቁኝ ያተርፋል ወይ ብላችሁ ነው። ቤዝመንቴ ወርዳችሁ ያቺን አረንጓዴ ማሽን ካያችሁ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላችሁም። የተተኮሰ የሾትገን ቀለህ ለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ ሞልቶ እንደገና መተኮስ ከሱቅ ከመግዛት ይረክሳል ወይ? መልሱን እነግራችኋለሁ፤ ግን በአንድ ቃል አይሆንልኝም። እናንተ ቁጭ በሉ። እኔ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ባወራ አይክፋችሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተሰጠኝም። ይህም ወሬ ከዚሁ አመሌ ጋር የተያያዘ ነው።

ታኅሣሥ የገባ ሰሞን ነበር፤ የነቢያት ጾም ከተያዘ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ነዳጅ በየሳምንቱ እየጨመረ ሰው ሁሉ የሚያማርርበት ዓመት ነበር። እርሳስም አብሮ ተወድዶ አንድ ፓኬት ጥይት ለመግዛት ሁለት ጊዜ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። የቨርጂኒያ የአጋዘን አደን የሚከፈተው በኅዳር ነው፤ እኔ ግን አሌክሳንድሪያ አንድ ትልቅ አፓርትመንት ውስጥ ሜንቴናንስ እሠራ ስለነበር ኦቨርታይሙ አልለቀቀኝም። ቧንቧው የፈሰሰበት፣ ማሞቂያው የተበላሸበት፣ በሩ የተቆለፈበት ሰው ሁሉ የሚደውለው እኔ ጋ ነው። ኦን ኮል፣ ማለትም ተረኛ ስሆን የምይዘው ስልክ በኪሴ ነበር፤ መንገድ ለመንገድ ስሄድ እንኳ ሳይጮህ የጮኸ ይመስለኝ ነበር።

አደን አብሮኝ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታደለ። የታናሽ እህቴ የሰናይት ባል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ፤ እሱ ሎረል አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ያነሳል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ የተለካ፣ ነገሩ ሁሉ ቀስ ያለ ሰው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ እኔ ሦስት ጊዜ ተነስቼ እቀመጣለሁ። አደን ስል የገጠር ልጅ እንዳልመስላችሁ፤ እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ መሣሪያ የያዝኩት እዚህ መጥቼ ነው። እሱ ግን የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ በግም ሆነ በሬ ማረድ በደንብ ያውቅበታል። ያን ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ተወልዳ ገና አራት ወሯ ነበር።

የምናድንበት መሬት ከፍሬድሪክስበርግ ወዲያ ነው። ባለቤቱ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ነጭ ሽማግሌ ናቸው። የልጃቸውን አፓርትመንት ቧንቧ ስጠግን ተዋወቅን፤ ደግ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይሉናል። «ከተኮሳችሁ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የቆሰለ አጋዘን ካላሯሯጣችሁት ተኝቶ ይሞታል። ከተከተላችሁት ግን ወይ ይጠፋባችኋል፣ ወይ ይጎዳችኋል።»

ምክሩ ትክክል ነው። ለእኛ ግን አይሆንም። ለምን መሰላችሁ? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የመጀመሪያዬን አጋዘን ጣልኩ። እንደተባልኩት ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ስደርስ ሞቷል። ቆዳውን ገፍፌ፣ ቆራርጬ፣ ሁለት ኩለር፣ የበረዶ ሣጥን፣ ሙሉ ሥጋ ጭኜ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ደረስኩ። ሰናይት በሩን ከፍታ ኩለሩን አየችና ከመግባቴ በፊት ጠየቀችኝ።

«በስመ አብ ተብሎ ነው የታረደው?»

«ስደርስ ሞቶ ነበር።»

«እንግዲያው በክት ነው፣ ወንድምዬ። በክት ቤቴ አይገባም።»

ያን ሁሉ ሥጋ መልሼ ጭኜ አሌክሳንድሪያ ሄድኩና ለሥራ ጓደኞቼ አከፋፈልኩት። ታደለ ከእሷ ኋላ ቆሞ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ዓመቱን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ከረመ። እኔም እልህ ያዘኝና «የሚመጣው ገና ሥጋው ከእኔ ነው፤ በስሙ የታረደ» ብዬ ለእህቴ ቃል ገባሁ። ስለዚህ አጋዘኑ ከወደቀ በኋላ ነፍሱ ሳትወጣ መድረስና በቢላ ማረድ ነበረብኝ። ያ ማለት ሽማግሌው አታድርጉ ያሉትን ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። ፎልስ ቸርች አንድ ጋራዥ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ በሚሸጥበት፣ ላይ ነው ያገኘሁት። ሰውዬው ባሩዱንና ፕላስቲኩን ሁሉ ጨምረው በርካሽ ሰጡኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከቀለሁ ቂጥ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ያገለገለች መለኮሻ አውጥተህ አዲስ ትከታለህ። ቀጥሎ ባሩድ ታፈሳለህ። በላዩ ዋድ የሚሉትን የፕላስቲክ ኩባያ ትጠቀጥቃለህ፤ እርሳሱን ትጨምርና አፉን አጥፈህ ትዘጋለህ። ለእያንዳንዱ ሥራ ማንሻውን ወደ ታች መሳብ ነው። ተረጋግቶ ለተቀመጠ ሰው የሚያዝናና ሥራ ነው።

ቀለሁን የማገኘው በነፃ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የተኩስ መለማመጃ ሄጄ ሰው ተኩሶ የጣለውን ጎንበስ ብዬ እለቅማለሁ። ታደለ ከኋላዬ እየተከተለ «ቆራሌው! ቆራሌው!» እያለ እንደ ሰፈራችን ዕቃ ገዢዎች ይጮህብኛል። ፈረንጆቹ ምን እንደሚል አይገባቸውም፤ እኔ ግን አፍራለሁ፤ አፍሬም እለቅማለሁ። በፓኬት ጥቂት ዶላር ማትረፌ እውነት ነው። ርካሽ ነው እያልኩ ደግሞ እጥፍ እተኩስ እንደነበር እሱም እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ሳልገዛ ቀረሁ፤ የተሞላችውን ጥይት የምትመዝን ትንሽ ሚዛን። ውድ ነው አልኩና ተውኩት።

ሐሙስ ከሥራ እንደገባሁ የኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ማሽኑን አስሬ ሃያ ጥይት ልሞላ ተነሳሁ፤ አሥር ለእኔ፣ አሥር ለታደለ። ለአጋዘን የሚሆነውን ትልልቁን የእርሳስ ፍሬ ነበር የምሞላው። ሰባት ወይም ስምንት እንደጨረስኩ አንዷን ቀለህ መለኮሻዋን አስገብቼ ማንሻውን እንደያዝኩ ስልኩ ጮኸ። ሦስተኛ ፎቅ የአንዲት ሴትዮ ኩሽና ጎርፍ ሆኗል። ማንሻውን ለቅቄ መሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ።

ስመለስ አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ቀለሁ እንደተውኩት ቆሟል። «ባሩድ አፍስሻለሁ?» አልኩ ለራሴ። «አፍስሻለሁ» ብዬ መለስኩ። ውስጡን በባትሪ ማየት የአንድ ሴኮንድ ሥራ ነበር። እኔ ግን የጠፋብኝን ጊዜ ለማካካስ እየተቻኮልኩ ዋዱን ጠቀጠቅኩበት፣ እርሳሱን ጨመርኩ፣ አፉን ዘጋሁና ከሌሎቹ ጋር ወረወርኩት። እጄን እንደለቀቅኩት ነው ጥርጣሬው የመጣብኝ። ግን ተቀላቅሏል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ሃያውንም ከሞላሁ በኋላ ፊቴ ደርድሬ አየኋቸው። ሁሉም አንድ ናቸው። በእጄ ለመመዘን ሞከርኩ፤ አንዷ ቀለል ያለች ይመስለኛል፣ ደግሜ ሳነሳት አትቀልም። ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው። ሁሉንም በቢላ ቀድጄ መጣል። ግን ያን ሁሉ እርሳስ፣ ያን ሁሉ ባሩድ፣ የሁለት ሰዓት ድካሜን! አንጀቴ እሺ አላለኝም። አሥሩን ለእኔ፣ አሥሩን ለታደለ ከፈልኩና በፕላስቲክ ከረጢት አሰርኩ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ። አንድ ቤት ገብቼ የማሞቂያውን ክዳን ከፍቼ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠፍቶኝ ቆምኩ። ልደውልለት አስቤ ስልኩን ሁለት ጊዜ አወጣሁ። ምን እለዋለሁ? ከሃያዎቹ አንዷ ባሩድ የላትም መሰለኝ ልበለው? እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። «ቆራሌው፣ የሱቁን ግዛ አላልኩህም?» ይለኛል። የእሱ መሳቂያ መሆንን ፈራሁ እንጂ ሌላውን አልፈራሁም። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ታደለ መኪናውን ይዞ አሌክሳንድሪያ መጣና ወሰደኝ። ሰናይት የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ለሁለታችንም ጠቅልላ ልካለች፤ የጾም ነው። መንገዱ ባዶ ነበር። ከረጢቱን ሰጠሁት፤ ሳያየው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ታደለ» አልኩት።

«እ?»

«ምንም። ልጅቷ እንቅልፍ እየሰጠቻችሁ ነው?»

«አንተን ነው የመሰለችው። አንድ ደቂቃ አርፋ አትተኛም» አለኝና ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እግሬ መኪናው ወለል ላይ አላርፍ ሲለኝ በእጄ ጉልበቴን ጨብጬ ሄድኩ።

ስንደርስ ሌሊቱን የዘነበው ካፊያ አቁሞ ጉም ወርዷል። ቅጠሉ ረጥቦ ስለነበር ስትረግጠው አይንኮሻኮሽም፤ ለአደን የሚመኙት ዓይነት ጠዋት ነው። ሌላ አዳኝ በስህተት እንዳይተኩስብን የሚለበሰውን ብርቱካናማ ሰደርያችንን ለበስን። ከታጨደው የበቆሎ ማሳ ታች አንድ ጠባብ ጅረት አለ፤ አጋዘኖቹ ሌሊት ማሳው ላይ ሲለቅሙ አድረው ጠዋት በዚያ በኩል ወደ ጫካው ይመለሳሉ። ኮቴያቸው ጭቃው ላይ ትኩስ ነበር፤ ጫፉ ገና አልፈረሰም፤ ውኃም አልቋጠረም። ታደለ አንድ የኦክ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እኔ ከእሱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሁለታችንም የያዝነው ከሥሩ ያለውን እንጨት ወደ ኋላ እየሳቡ የሚያጎርሱት ሾትገን ነው።

ሦስት ጥይት አጎረስኩ። እያንዳንዷን ሳስገባ «ይቺ ትሆን?» እላለሁ። ከእኔ ዘንድ እንድትሆን ተመኘሁ። ሐሙስ ዕለት ብናገር ኖሮ መመኘት አያስፈልገኝም ነበር።

ፀሐይዋ ጉሙን መግፋት እንደጀመረች አንድ ወንድ አጋዘን ብቻውን ብቅ አለ። ቀንዱ በእያንዳንዱ ወገን አራት አራት ቅርንጫፍ ያለው፣ አንገቱ የደነደነ ነው። ነፋሱ ከእሱ ወደ እኔ ስለነበር አላሸተተኝም። ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ጎኑን ሰጠኝ። ተኮስኩ። ጥይቷ በደንብ ጮኸች፤ ትከሻዬን መታችኝ። ይቺ አይደለችም አልኩ በሆዴ። አጋዘኑ በጉልበቱ ወደቀና ተነስቶ እያነከሰ ጅረቱን ተሻግሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

ታደለ ቀስ ብሎ መጣ። ደሙን አየነው፤ ቅጠሉ ላይ የተንጠባጠበ ደማቅ ቀይ። ጭቃው ላይ ደግሞ አንድ የፊት እግሩን እየጎተተ የሄደበት መስመር ይታያል።

«ሽማግሌው ቁጭ በሉ ብለውናል» አለኝ።

«ሞቶ ይቆየን? ለሰናይት ምን ልበላት?»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና ትንሽ አሰበ። «ግን በዝግታ እንሂድ። ከኋላው ዞረን።»

እኔ ግን ዝግታ የት አውቃለሁ? ጅረቱን ዘልዬ ደሙን ተከትዬ ገባሁ። ስልሳ ሰባ እርምጃ ሄጄ አየሁት። ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተኝቷል፤ ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ነፍሱ አለች። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ የገና ሥጋ ተገኘ። ሁለት እጅ ስለሚያስፈልገኝ ሾትገኔን ዛፍ ላይ አስደግፌ ቢላዬን መዘዝኩ። ታደለ ከኋላዬ ስሜን ጠርቶ «ደሬ! ቆይ!» ሲል ሰምቼዋለሁ። አልቆየሁም። በግንዱ ዞሬ ግራ እጄን ቀንዱ ላይ አሳርፌ «በስመ አብ» ብዬ ስጀምር አጋዘኑ ከሥሬ ተነሳ።

በእንዲህ ዓይነት እንስሳ ጉልበት ተመትታችሁ ካላወቃችሁ ልነግራችሁ አልችልም። በጀርባዬ ወደቅኩ። በግንዱና ከጎኑ ባለው ዛፍ መሀል ተቀረቀርኩ፤ መንቀሳቀሻ የለኝም። ቢላዬ የት እንደበረረ አላየሁም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገባብኝ፤ አንዱ የቀንዱ ጫፍ ቀኝ ጭኔ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ተሰማኝ። ሁለቱን ቀንዶች በሁለት እጄ ይዤ ከሆዴ አርቄ ለመግፋት ታገልኩ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነው። በሦስት እግሩ ቆሞ እንኳ አልቻልኩትም።

ታደለ ደረሰ። አሥር እርምጃ ያህል በጎን በኩል ቆሞ ሲያነጣጥር አየሁት። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። ተኩስ አልነበረም። ጱፍ፤ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ ነው። ሁለት ሦስት የእርሳስ ፍሬ ከአፈሙዙ ወርዶ እግሩ ሥር ቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ክው አልኩ። የአደን ፈቃድ ለማውጣት ኮርስ የሰጡን ሰውዬ ስለዚች ድምፅ አጥብቀው ነግረውን ነበር። ባሩድ በሌላት ጥይት መለኮሻዋ ብቻ ትነሳለች፤ ዋዱን ገፍታ አፈሙዙ መሀል ላይ ትተወዋለች። የሚቀጥለው ጥይት ሲተኮስ መውጫ ያጣል፤ ብረቱ የሚፈነዳው የተኳሹ እጅና ፊት ላይ ነው። ታደለ ያን ኮርስ የወሰደው በሌላ ቀን ከሌላ አስተማሪ ነው፤ ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ያየሁት እንጨቱን ስቦ ሲመልስ ነው፤ ቀለሁ ወጣ፣ አዲስ ገባ። መሣሪያውን እንደገና ወደ ጉንጩ አስጠጋ።

አሁን የምነግራችሁን ለብዙ ሰው አልተናገርኩትም። ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። አጋዘኑ ላዬ ላይ ነው፣ ጭኔ እየደማ ነው፣ ሊያድነኝ የሚችለው ያ ጥይት ብቻ ነው። ምናልባት ዋዱ ወጥቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ምንም አይሆንም። መኖር ፈለግኩ። በዚያች አንዲት ትንፋሽ የእህቴን ባል ፊት በራሴ ነፍስ ለወጥኩ። ከዚያ ምላጩ ላይ ያለችው ጣቱ ስትታጠፍ አየሁ፤ ያቺ የአራት ወር ልጅ ትዝ አለችኝ።

«አትተኩስ!» አልኩት።

«አልመታህም፣ ዝም በል!» አለኝ። እኔን እንዳይመታኝ የፈራሁ መስሎት ነው። በተሻለ ማዕዘን ለመተኮስ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ።

«አፈሙዙ ተደፍኗል! ይፈነዳብሃል! ባሩድ ያልጨመርኩባት ናት!»

ቆመ። ዓይኑን ከአጋዘኑ ላይ አንስቶ እኔን አየኝ። ከዚያ መሣሪያውን አልወረወረውም፤ በቀስታ፣ አፈሙዙን ከእኛ አዙሮ መሬት ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎ ከኋላ መጥቶ ሁለቱን ቀንዶች ከእጄ በላይ ጨበጠና አንገቱን ወደ ጎን ጠመዘዘው። እንደዚያ ሲያቃስት ሰምቼው አላውቅም። አጋዘኑ ተንገዳግዶ በጎኑ ወደቀ፤ ታደለ በደረቱ አንገቱ ላይ ተኛበት።

«ቢላህ የት አለ?»

በእጄ ቅጠሉን ስበረብር ከግንዱ ሥር አገኘሁት።

«በል፣ ስሙን ጥራ።»

በደረቴ እየተሳብኩ ሄጄ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አልኩ። አረድኩት። ሁለታችንም እዚያው ደሙ አጠገብ ተቀምጠን ቀረን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መነሳት አላማረኝም።

ታደለ ሻርፑን ፈትቶ ጭኔን አጥብቆ አሰረልኝ። ከዚያ ሾትገኑን አነሳ፤ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ ከኋላ በኩል ከፍቶ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቀናና በውስጡ አየ። አሻግሮ ሲያይ ክብ ብርሃን መታየት ነበረበት። ምንም አልታየውም። ጨለማ ነው። አውርዶ ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም አየሁ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። «ድምፁን ስሰማ ነው» ብለው ያምነኝ ነበር።

«ሐሙስ ተጠራጥሬ ነበር» አልኩት።

«ሐሙስ» አለ። ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን በእጁ እየገፋ መፈለግ ጀመረ። ምን ጠፋበት ብዬ ሳየው ቆየሁ። ያቺን የተተኮሰች ቀለህ አገኛት፤ ጭቃዋን በሱሪው ጠርጎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቀለህ ስለቅም ሲስቅብኝ የኖረ ሰው ነው።

«ይቺን እንኳ አትሙላት» አለኝ።

ታደለ ደውሎላቸው ሽማግሌው በትራክተራቸው መጥተው አጋዘኑን አወጡልን። ፍሬድሪክስበርግ ኢመርጀንሲ ገብቼ ጭኔ ተሰፋ። ኢንሹራንስ ያልከፈለውን የሆስፒታል ሒሳብ በኋላ ላኩልኝ፤ ቁጥሩን ሳየው ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀለህ ብሞላ አልመልሰውም። ይህ ለጥያቄያችሁ የመጀመሪያው መልስ ነው።

ቤት እንደገባሁ የተረፉትን ጥይቶች ሁሉ በቢላ ቀደድኳቸው። ታደለም የእሱን መልሶ ሰጥቶኝ ነበር። ጋዜጣ ዘርግቼ እያንዳንዷን አራገፍኩ። ሁሉም ባሩድ ነበራቸው። ከሃያዎቹ አንዷ ብቻ ናት ባዶ፤ እሷም በእሱ ኪስ ገባች፤ ያወጣትም እኔን ለማዳን ነው።

ገና ደረሰ። ሰናይት ሥጋውን ጠብሳ አቀረበች። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። «ታዴ ባይኖር ዛሬ ወንድሜ የለም ነበር፤ በባዶ እጁ ነው ያዳነው» እያለች ለሁሉም ትናገራለች። ሰው ያጨበጭባል። ታደለ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እኔም ጎረስኩ፤ ምን ምን እንደሚል አላስታውስም። ውጭ ወጥቼ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል አመሸሁ። በሁለተኛው ገናም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም። አራተኛው ላይ አልቻልኩም፤ ኩሽና ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሐሙስንም፣ ዓርብንም፣ ያቺን አንድ ትንፋሽም። የያዘችውን ጭልፋ አስቀምጣ «ውጣልኝ» አለችኝ። እስከ ፋሲካ አላነጋገረችኝም። ፋሲካ ዕለት ራሷ ደውላ ጠራችኝ፤ ነገሩን ግን ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም።

እንግዲህ ማሽኑን ከፈለጋችሁት ውሰዱት፤ ዋጋ አልጠይቃችሁም። ያተርፋል፤ ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ የያዛትን ሳይጨርስ ለማይነሳ ሰው ያተርፋል። ሚዛኑን ግዙ። ውስጡን በባትሪ እዩ። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ አትከራከሩ፤ ቀድዳችሁ ጣሉ። ጥርጣሬያችሁን በከረጢት አስራችሁ ለሌላ ሰው አትስጡ። እኔ የሰጠሁት ለገዛ እህቴ ባል ነው።

ያቺ ቀለህ ይቺትና፣ ከቁልፌ ጋር ናት። ታደለና እኔ አሁንም አብረን እናድናለን። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ አንድ ፓኬት የፋብሪካ ጥይት ገዝቼ ሲልቨር ስፕሪንግ እወስድለታለሁ። ያስገባኛል፤ ሶፋው ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ፓኬቱን ይቀድድና አንዷን አውጥቶ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ይነቀንቃታል። የታሸገች ጥይት ውስጥ ባሩድ ይኑር አይኑር በጆሮ እንደማይታወቅ እሱም ያውቃል። የፋብሪካ መሆኗንም ያያል። ሁለተኛዋን ያነሳል፤ ይነቀንቃል። ሦስተኛዋን። አይቸኩልም፣ አይናገርም፣ አይስቅም። ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይጮሃል፤ አላነሳውም። የመጨረሻዋን ጠረጴዛው ላይ እስኪያስቀምጥ ድረስ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አልልም።